የስለት ጾሜ እና የልጄ ወተት

እናንተ የምታጠቡ እናቶች፣ ይህን ስታነቡ ልትፈርዱብኝ ትችላላችሁ። ፍረዱ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ። እኔ ልጄን አድናለሁ ብዬ ልገድላት ጥቂት ነው የቀረኝ። ክፉ ሰው አልነበርኩም፤ ቤታችንም እህል አልጠፋም። ጎታው ውስጥ ገብስ እያለ ተራብኩ፤ ማንም ሳያስርበኝ፣ በገዛ አፌ ተናግሬ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ክፉው ድርቅ ካለፈ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። የምንኖረው ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ነበር። ባለቤቴ ቄስ ናቸው። እናታቸው፣ አማቴ ማለት ነው፣ አብረውን ይኖሩ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለሆነ ፊደሌ ቢወላገድ በኩራዝ ብርሃን ያስተማሩኝን ውቀሱ።

ከተፈጥሮዬም ሥጉ ነኝ። እናቴ «አንቺ እኮ ሰማዩ ይወድቃል ብለሽ ምሰሶ የምትፈልጊ ነሽ» ትለኝ ነበር። ድርቁ ግን ለሥጋቴ ምክንያት ሰጠው። የመጀመሪያ ልጄ፣ ወንዱ፣ ጡቴ ላይ እንዳለ ነው የሞተው። ስቦ ስቦ ምንም ሲያጣ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር፤ ኋላ ማየቱንም ተወው። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ያኔ ያልቀበረ ቤት ስላልነበረ የሚያጽናናም ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ ሳረግዝ፣ በስድስተኛ ወሬ፣ ሆዴን ይዤ አሸተን ማርያም ወጣሁና ከቅጽሩ ጥግ ቆሜ ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ ይሄን ልጅ አቆይልኝ። ካቆየሽልኝ የሚመጣውን ሁዳዴ ጀንበር ሳትጠልቅ እህልም ውሃም አልቀምስም። ስቀምስም ቆሎና ውሃ ብቻ ነው፤ ወጥ በአፌ አይዞርም» አልኩ። ሳለቅስ ስለነበር ቃሉ እንዴት እንደከበደ ያኔ አልታወቀኝም።

ለማንም አልተናገርኩም። በእኛ አገር ሰው ከታዘዘው በላይ ልጹም ቢል መጀመሪያ የነፍስ አባቱን ያስፈቅዳል። የቄስ ሚስት ሆኜ ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ብጠይቅ እንደሚከለክሉኝ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኩት።

በኅዳር ሴት ልጅ ወለድኩ። አማቴ በገንፎ፣ በቅቤ፣ በአብሽ አንቀባረው ያዙኝ። ወተቴ ከመብዛቱ የተነሳ ቀሚሴ ይርስ ነበር፤ ልጄ ስትጠባ ትን እያላት ታስቀኝ ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ አራስ አትጾምም። የእኔዋ ሰማንያ ቀን የሞላት ልክ በቅበላው ሳምንት ሆነ። ክርስትናዋን በላን፣ ጠጣን፤ በሦስተኛው ቀን ሁዳዴ ገባ።

ልጇን ክርስትና ያስነሳች ሴት፣ እያጠባችም ቢሆን፣ ከሰው እኩል ትጾማለች። ሕጉ ያስገድዳል አልልም፤ ልማዳችን ነው። በዚያ ላይ የቄስ ሚስት ስትሆኑ የምድጃችሁን ጭስ ሰው ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ መጾሜ ማንንም አልገረመም። ከሰው በላይ እየጾምኩ መሆኔን ነው ማንም ያላወቀው።

መደበቁ ቀላል ነበር። በቤታችን በጾም የሚበላው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ባለቤቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነው። ምራት አቅርባ፣ አስተናግዳ፣ መጨረሻ ላይ ማጀት ገብታ ነው የምትበላው። እኔም ማጀት እገባለሁ፤ ወጥ ያልነካውን እንጀራ ወደ መሶቡ እመልሳለሁ፤ የነካውን ለውሻችን እሰጠዋለሁ። ያን ሁሉ ረሃብ ካየሁ በኋላ እህል ለውሻ መስጠቴን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጀንበር ስትጠልቅ አንድ እፍኝ ቆሎ ቆርጥሜ ውሃ እጠጣለሁ። አማቴ አንድ ቀን ውሻውን እያዩ «ይሄስ በጾም ምን አግኝቶ ነው የወፈረ?» አሉ። እኔም «እንጃ፣ ጥንቸል ይሆናላ» አልኳቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት ረሃቡ አንጀቴን ያላውሰኝ ነበር። ልጄ በሳበች ቁጥር የሆነ ነገር ከጀርባ አጥንቴ ድረስ ተመዞ የሚወጣ ይመስለኛል። በሁለተኛው ሳምንት ረሃቡ ጠፋ። እመቤቴ ረዳችኝ ብዬ ደስ አለኝ። እናቶች፣ እያጠባችሁ ረሃብ ሲጠፋባችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ሰውነት ጠይቆ ጠይቆ ሲታክተው ነው ዝም የሚለው።

ከዚያ ስነሳ ዓይኔ ይጨልም ጀመር። ጸጉሬ በሚዶው እየተነቀለ ይወጣል። ሽንቴ እንደ ጠላ ጠቆረ። የከፋው ግን የምሽቱ ነገር ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ውሃ ልቀዳ ስል ጣሳውን ትቼ መሬቱ ላይ አፈሰስኩት። በማግስቱ የበሩ መቃን ግንባሬን መታኝ። ቀን ቀን ደህና አያለሁ፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን ቤቱ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ለእኔ ይጨልማል። ባለቤቴ ከፊቴ ቆመው ሲያናግሩኝ በድምፃቸው ነው የማውቃቸው።

ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ዳፍንት ነው፤ በቀን እያዩ ሲመሽ መታወር። አያቴን ይዟቸው አይቼ አውቃለሁ። መድኃኒቱንም አውቀዋለሁ፤ ጉበት ነው። ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው። ዳፍንት ያዘኝ ካልኩ ጉበት ብዪ ይሉኛል፤ ጉበት ከበላሁ ጾሙም ስለቱም ፈረሰ፤ ስለቱ ከፈረሰ እመቤቴ ልጄን ትወስድብኛለች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል እውላለሁ።

ወዲያው ወተቴ ቀነሰ። ልጄ ትስባለች፣ ትለቃለች፣ ትጮሃለች። ስትጮህ ወንድሟ ነው ትዝ የሚለኝ። አማቴ ይህን ሲያዩ ዓይን ነው አሉ። «በክርስትናው ዕለት ጡቷ እንደ ላም ነው እያሉ ሲያደንቁ ሰምቻለሁ። ዓይን በልቷታል» ብለው ክታብ አስጻፉልኝ። እሱ ሳይሆን ሲቀር ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። ቀጥሎ ሰባት ቀን ጸበል ተባልኩ። በባዶ ሆዴ ያን ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ እያቅለሸለሸኝ ያስመልሰኝ ነበር፤ ማስመለሴን ያዩ ሰዎች «እሰይ፣ እየለቀቃት ነው» ይላሉ። በጸበል አምናለሁ፣ አሁንም አምናለሁ። የተራበ ሰው ግን ጸበል ጠጥቶ አይጠግብም።

በመጨረሻ ባለቤቴ «ከተማ እንውረድ» አሉ። ጎሕ ሳይቀድ ተነስተን ጤና ጣቢያ ደረስን። ወረፋው እስከ አጥሩ ድረስ ነው። አግዳሚው ላይ ክንዱ የተጠቀለለ ወታደር፣ የሚያስሉ ሽማግሌ፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ተደርድረዋል። ሁላችንም በሩን እናያለን፤ በሩ ሲከፈት ሁላችንም እንነሳለን፤ ሲዘጋ ሁላችንም እንቀመጣለን። ስሜ የተጠራው ለምሳ ሊወጡ ሲሉ ነው።

ወጣት ድሬሰር ነበር፤ በዚያ ዘመን ቁስል የሚያጥበውም፣ መርፌ የሚወጋውም፣ የሚመረምረውም ድሬሰር ነው። ትሁት ልጅ ነው። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለኝ።

«ራሴን» አልኩት። «ዓይኔንም ያሳክከኛል።»

«ምግብስ?»

«እበላለሁ።»

ዋሸሁት። እሱ ምን ያድርግ? የዓይን ቅባትና የወስፋት ክኒን ሰጠኝ። ስለ ልጄ ሲያስብ ግን ተጨነቀ፤ «ወተትሽ ካነሰ የጣሳ ወተት ጨምሪላት» አለኝ። በድርቁ ጊዜ የመጣ የዱቄት ወተት ያኔ ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር። ገዝተን ተመለስን።

ዱቄቱ ቶሎ እንዳያልቅ ብዬ አቀጥነዋለሁ። የምንጭ ውሃ ነው የማፈላው፣ አንዳንዴም ሳይፈላ። ልጄ በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ጀመራት። በዚያ ላይ ጣሳውን እየለመደች ጡቴን ስትተው፣ የነበረችው ጥቂት ወተትም መምጣቷን አቆመች። በሳምንቱ የልጄ ለቅሶ ቀነሰ። ጎረቤት «ጎሽ፣ ረጋችልሽ» አለችኝ። እኔ ግን ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደረቷ ላይ እጄን ሳላሳርፍ አላውቅም ነበር፤ መተንፈሷን ካላረጋገጥኩ ውሃ እንኳ አልቀዳም።

አማቴ ምሥጢሬን ያወቁት አመሻሽ ላይ ነው። ልጄን ጨርቅ ልቀይርላት ይዤ ቆሜያለሁ። በስተቀኝ መደቡ፣ በስተግራ ምድጃው ነው። ዞር ስል አቅጣጫው ጠፋኝ መሰል፣ መደቡ ላይ ያስተኛኋት መስሎኝ ልጄን ወደ ምድጃው ዳር አወረድኳት። የአማቴን ጩኸት ብቻ ነው የሰማሁት። ልጄን ከእጄ መነተፏት። የመታቀፊያዋ ጫፍ ተለብልቦ ሸተተኝ፤ እሷን እሳት አልነካትም።

ፊቴ ላይ ትኩስ ትንፋሽ ተሰማኝ፤ አማቴ ተጠግተው እያዩኝ ነው። «ይሄ ስንት ነው?» አሉ። ምን እንደዘረጉ አላየሁም።

«እማ፣ ማርያምን! አይታየኝም» አልኩና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዳፍንት! ይሄን ይዘሽ ዝም?» አሉ። በማግስቱ እራሳቸው ይዘውኝ ወረዱ።

ወረፋው እንደ በፊቱ ነው። ልጄ ጡቴን አፏ ውስጥ ይዛ አትስብም። ከአጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት የራሷን ልጅ አጥብታ አስተኝታለች። አይታ አይታ «ስጪኝ እስቲ እቴ» አለችና ልጄን ተቀብላ ጡቷን አጎረሰቻት። ትንሽ ቆይታ ልጄ መዋጥ ጀመረች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያመሰገንኩትም የቀናሁበትም ሰው የለም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፤ ካለች እግዚአብሔር ይስጣት።

በዚህ ጊዜ ያየችኝ በዕድሜ ጠና ያለች ነርስ ናት፤ ሲስተር ይሏታል። ከሌላ አገር የመጣች ነበረች። አማቴ የዓይኑን፣ የጸበሉን፣ የዳፍንቱን ነገር ሲዘረዝሩላት ጸጥ ብላ ሰማች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ አፍሽ የገባውን አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

«ቆሎ» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ውሃ።»

«ከትናንት በስቲያስ?»

አማቴ ሲያዩኝ ይሰማኛል። «ቆሎና ውሃ» አልኩ። ሲስተር እርሳሷን አስቀመጠች። ልጄን በሚዛኑ ሰቅላ መዘነችና ፊቷ ተለወጠ። «ስሚ» አለችኝ። «ቫይታሚን ኤ የሚባል ነገር አለ፤ ዓይን የሚያየው በእሱ ነው። ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተት ውስጥ አለ፤ ጎመንም ውስጥ አለ። አንቺ ሳትበዪ ልጅሽ ስትጠባ ከሰውነትሽ ያለውን ወሰደች፤ አሁን አንቺም የለሽም፣ እሷም የላትም። ክኒኑ አልቆብናል፤ መንገዱ ተከፍቶ እስኪመጣ ልትጠብቂ አትችዪም።»

«ሁዳዴ ነው እኮ» አልኳት።

«ጾም መፍታት የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔ ሥራ እውነቱን መንገር ነው። እንዲህ ከቀጠልሽ ይቺ ልጅ ፋሲካን አትደርስም።»

ሌላም ነገረችኝ። የጣሳውን ወተት ቀስ በቀስ ተዪው፤ እስክትተዪው ውሃውን አፍልተሽ በልኩ በጥብጪ። ልጅቷን በየሰዓቱ ጡት ላይ አድርጊያት፣ ባይመጣም ትሳብ፤ ጡት በተሳበ ቁጥር ነው የሚያመነጨው። ባጠባሽ ቁጥር አንድ ጣሳ ውሃ ጠጪ። ሁሉንም አማቴ በቃላቸው ያዙት።

ዳገቱን ስንወጣ አማቴ ከፊት ይሄዱ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብለው ሳይዞሩ «ማን ነው ቆሎ ብዪ ያለሽ?» አሉኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስለቱን ተናገርኩ። ቤት ስንደርስ አማቴ ለባለቤቴ ነገሯቸው። ባለቤቴ «ከእኔም ደበቅሽው?» ብለው ወጡ፤ ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በእነዚያ ሁለት ቀናት ከሕመሙ ይልቅ የእሳቸው ዝምታ አሞኛል።

የነፍስ አባታችን ዘንድ የወሰዱኝ ከጤና ጣቢያ በተመለስን ዕለት አማቴ ናቸው። አባ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ተንበርክኬ «ይፍቱኝ አባ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉ።

«ማንም።»

«እኔ ሞቼ ነበር?»

«ይከለክሉኛል ብዬ ነው አባ። አሁንም ፈርቻለሁ። ቃሌን ካጠፍኩ እመቤታችን ልጄን ትወስዳታለች።»

አባ የተቆጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። «እመቤታችን ምን አድርጋሽ ነው» አሉ፣ «ልጅ ገዳይ ያደረግሻት? እሷ እኮ አጥብታ ያሳደገች ናት። የስደትና የረሃብ ነገር ካንቺ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።» ከዚያ ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው «ስለቱን ፈትቼሻለሁ። ቀኖና ግን አለብሽ» አሉ።

ስግደት ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«እስከ ፋሲካ ድረስ በቀን ሦስት ጊዜ ትበያለሽ። ጉበትም፣ እንቁላልም፣ ወተትም። ማጀት ተደብቀሽ አይደለም፤ ቤተሰቡ ፊት ተቀምጠሽ። አንድ ቀን ብታጎድዪ ንስሐሽን አልቀበልም።»

ከስግደቱ የከበደ ቀኖና ነው። ግን ጉበት ከየት ይመጣል? በሁዳዴ ላስታ ውስጥ ቢላዋ የሚስል የለም። ባለቤቴ ካህን ናቸውና አያርዱም። አማቴ ለፋሲካ ያሰሩትን በግ ፈትተው፣ ዘመድም ጎረቤትም ወደሚሆነን ወደ አያ ደምሌ ቤት ሄዱ፤ እኔም ልጄን አዝዬ ተከተልኳቸው። አያ ደምሌ የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ነው። በየስብሰባው ጾም ኋላ ቀርነት ነው፣ ሰው ያደኸያል እያለ የሚያስረዳን እሱ ነው።

«እረድልኝ» አሉት አማቴ።

«አበስኩ ገበርኩ! በሁዳዴ? እኔ ደም አልነካም እናቴ።»

«ጾም ኋላ ቀርነት ነው ስትል የነበርከው አንተ አይደለህም?»

አያ ደምሌ ግራ ቀኙን አየ። «እሱ ከላይ የመጣ ነው እናቴ። ያነበብኩት እንጂ ያልኩት አይደለም።»

«እንግዲያው ይቺ ሕፃን ትሙት የሚል ወረቀትም ከላይ አስመጣና አንብብልኝ!» አሉና ልጄን ከጀርባዬ አውርደው እቅፉ ውስጥ አኖሩለት። አያ ደምሌ አያት። ቅለቷ የተሰማው ይመስለኛል፤ መለሰልኝና ቢላዋውን ሊያመጣ ገባ። ሲያርድ ፊቱን አዙሮ ነው፤ ሲጨርስ እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ።

የእኔ ፍርሃት ወሬው ነበር። «የቄሱ ቤት በሁዳዴ አረደ» ሲባል ባለቤቴ ደብሩ ውስጥ በምን ዓይን ይታያሉ? «እማ፣ በሩን ልዝጋው?» አልኳቸው። አማቴ ጭራሽ ደጅ ወጡና ለመንደሩ ጮኹ። «ስሙ! የቄሱ ቤት በሁዳዴ በግ ታርዷል! የምትበላው ምራቴ ናት፣ የማበላት እኔ ነኝ! የሚያማ ካለ እዚህ መጥቶ ይማኝ!» ማንም አልመጣም።

ጉበቱን ከሰል ላይ እያገላበጡ፣ ፊታቸውን ከእሳቱ ሳያነሱ ነው የተናገሩት። «አምስት ቀብሬያለሁ።»

ባለቤቴ ብቸኛ ልጃቸው መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

«አምስቱንም ጡቴ ላይ። ዓይን በላቸው አሉኝ። ጸበል አሉኝ፣ ክታብ አሉኝ። ምን በልተሽ ዋልሽ ያለኝ ሰው አንድም የለም።» ጉበቱን ቆረሱ። «እኔም አንቺን አልጠየቅኩሽም። አማት ሆኜ፣ ማጀት ስትገቢ እያየሁ፣ አንድ ቀን ምን በላሽ አላልኩሽም። ጉረሺ።»

ጎረስኩ። እንባዬና ጉበቱ አብረው ወረዱ። ጾም የያዙት አማቴ ጣታቸው ላይ የቀረውን ስብ እንዳይልሱ በአመድ አጠቡት።

ጉበቱን ለአራት ቀን ከፋፍለው ሰጡኝ፤ የቀረውን ሥጋ ቋንጣ አድርገው ሰቀሉት። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ጎመን በእንጀራ፣ ማታ የገብስ ቅንጬ በወተት። ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ ከፊቴ ተቀመጡና፣ የራሳቸውን ሽሮ እየበሉ፣ «እንቁላሉን ጨርሺው» አሉኝ። ዕርቃችን ይኸው ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጀንበር ስትጠልቅ የምሰሶውን ጥላ አየሁ። በማግስቱ የልጄን ዓይን። ወተቴ ቶሎ አልመጣም፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንደ ሲስተር ቃል በየሰዓቱ ደረቅ ጡት አጎርሳታለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ አብሽ እጠጣለሁ፣ እጠብቃለሁ። በአሥረኛው ቀን ጡቴን ውስጥ ውስጡን ወጋ ሲያደርገኝ ወተት መሆኑን አወቅኩት። ጩኸቴን ሰምተው አማቴ ከደጅ ሮጠው ገቡ፣ ልጄ የሞተች መስሏቸው ነበር።

ዳንኩ ብዬ ግን አልረጋሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጉበቱን እየዋጥኩም እመቤቴ ትቀጣኛለች እያልኩ ነበር። ልጄ ባነጠሰች ቁጥር «ይኸው መጣ» እላለሁ። ፋሲካ እስኪደርስ ቀኑን በጣቴ እቆጥር ነበር። ፋሲካ መጣ፣ ዶሮ ጮኸ፣ ልጄም ለቅሶዋን ለቀቀችው፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ለቅሶ የለም።

ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ። እያጠባችሁ የምትጾሙ ካላችሁ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፤ ሳይጠየቅ የሚፈቅድ አባት የለም፣ ሲጠየቅ የሚጨክን ግን ጥቂት ነው። በጾም ምግብም ቢሆን ጎመን አለ፣ ተልባ አለ፣ ባቄላ አለ፣ አብሽ አለ፤ ቆሎና ውሃ ግን ሁለት ነፍስ አያኖርም። አማቶችም፣ ምራታችሁ ማጀት ስትገባ ተከትላችሁ ግቡ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ አትዋሹ፤ እኔ የዋሸሁት ሐኪሙን መስሎኝ ነበር፣ የዋሸሁት ልጄን ነው።

ከፋሲካ በኋላ በበዓለ ሃምሳው ልጄን አዝዬ አሸተን ማርያም ወጣሁ። አማቴ በዱላቸው እየተደገፉ ተከተሉኝ። መንገዱን ሁሉ ራሴን እጠይቃለሁ። ምን ብዬ እቆማለሁ? ስለቴን በላሁት ልበላት? ቅጽሩ ደጅ ስደርስ ቆምኩ። ያን ጊዜ ልጄ ራባትና ምእመናኑ ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ ጮኸች። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ አጠባኋት።

«እመቤቴ፣ ስለቴን አላደረስኩም» አልኩ። «ያመጣሁት ልጄን ብቻ ነው።»

ልጄ እስክትጠግብ ጠብታ ጡቱን ለቀቀችው፤ ወተቱ በአገጯ እየወረደ፣ አፏን እንደከፈተች እንቅልፍ ወሰዳት። አማቴ ዱላቸውን አስደግፈው አጎነበሱና ጉንጯን በጣታቸው ነኩት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጮክ ብለው የማይናገሩት ሴትዮ ጮክ ብለው ሳቁ።

«እዩልኝ እስቲ ይቺን ጥጋበኛ!» አሉ።